አፋፉ ላይ ያለው ጥድ

ቤተ ጊዮርጊስን የማያውቅ የለም። ላሊበላ ሄዶ የማያውቅ ሰው እንኳ ፎቶውን ያውቀዋል፤ ከላይ የተነሣ፣ ቀይ ዓለት መሃል የተፈለፈለ መስቀል፣ ዙሪያውን ጥልቅ ጉድባ። ድሮን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይሄው ፎቶ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይነሣል። ኢንስታግራም ላይ ይለጠፋል፣ ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ይገባበታል፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቡና ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቆንጆ ፎቶ ነው፤ እኔም ስልኬ ውስጥ አለኝ። ግን እስቲ አንዴ ደግማችሁ እዩት። ዓይናችሁን ከመስቀሉ አንሡና ወደ ፎቶው ጠርዝ ውሰዱት። ብዙ ጊዜ እዚያ ተቆርጦ የቀረ አረንጓዴ ነገር አለ፤ የጥድ ጫፍ ወይ የወይራ ቅርንጫፍ። ፎቶ አንሺውን ያስቸገረው ይመስላል።

እኔ ማውራት የምፈልገው ስለዚያ ተቆርጦ ስለቀረው ነገር ነው።

ስለ ላሊበላ የምንጽፈው ሁሉ ስለ ድንጋይ ነው። ዩኔስኮ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ወዲህ ጥያቄው ዓለቱ ስለመሰንጠቁ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከቆሙ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ወደ ጣሪያ ዞረ፤ ይነሡ አይነሡ፣ ነፋስ ቢጥላቸውስ፣ የከተማዋን መልክ አበላሹ አላበላሹ። ተገቢ ክርክር ነው። ግን ከድንጋዩና ከጣሪያው መሃል ያለውን መሬት፣ ማለትም ሰው የሚሄድበትን፣ የሚቀመጥበትን፣ የሚጸልይበትን መሬትና እዚያ ላይ የበቀለውን ተክል፣ እንደ ሥራ ቆጥሮ የሚተች ጽሑፍ ብዙም አላጋጠመኝም። እንደ ሥራ ስል እንደ ሥነ ሕንፃ ማለቴ ነው።

በላንድስኬፕ አርክቴክቸር ትምህርት መጀመሪያ ላይ ከሚመጡት ነገሮች አንዱ ተክል ጌጥ ብቻ አይደለም የሚለው ነው። ተክል ቦታ ይሠራል። ሣር ወለል ነው፤ ቁጥቋጦ ግድግዳ ነው፤ የዛፍ ጥላ ጣሪያ ነው። በሁለት ዛፎች መሃል ያለ ክፍተት በር ነው። በረድፍ የተተከለ ዛፍ እግርን ይመራል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ ደግሞ ዓይንን ይከለክላል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰንሰል አጥር ግድግዳ ነው። ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ዋርካ ያለ ምሰሶ የቆመ አዳራሽ ነው። በዓል ሲሆን ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቀጤማ ለአንድ ቀን የሚነጠፍ ወለል ነው፤ ገና ሲረገጥ ሽታው ዛሬ ሌላ ቀን ነው ይላል። ችሎታው ነበረን፤ ስም አልሰጠነውም እንጂ።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ላሊበላ እንመለስ።

በደጋው አገር ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ከፍታ ላይ ነው። መንገደኛ ከሩቅ፣ በታረሰ ወይ በተራቆተ መሬት መሃል ጥቁር አረንጓዴ ክብ ሲያይ «እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ» ይላል፤ ሕንፃውን ገና ሳያየው። ዛፉ ምልክት ነው። ላሊበላ ግን ነገሩን ገልብጦታል። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ ቁመቱ ግን ወደ ታች ነው። ጣሪያው እኛ ከቆምንበት መሬት ጋር እኩል ነው። ጥቂት እርምጃ ርቃችሁ ቆማችሁ እዚያ ምንም የለም ልትሉ ትችላላችሁ። ግንብ የለም፣ ጉልላት የለም፣ ወደ ሰማይ የሚወጣ ነገር የለም። ወደ ላይ የሚቆመው ብቸኛው ነገር ዛፉ ነው። ሌላ ቦታ ሕንፃው የሚሠራውን ሥራ እዚህ ጥዱና ወይራው ተረክበውታል።

ሁለተኛ ሥራም አለው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የበጋ ፀሐይዋ ዓይን ታስጨፍናለች። ከዚህ ብርሃን ቀጥታ ወደ ጉድባው፣ ከጉድባው ወደ ቤተ መቅደሱ ጨለማ ብትገቡ ለጊዜው ምንም አታዩም። የዛፍ ጥላ መሃል ሲገባ ግን ዓይን በደረጃ ይለምዳል፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ጉድባ፣ ከጉድባ ወደ ውስጥ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ በደረጃ የተሠራ ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ከዚያ በፊት ደጀ ሰላም አለ። በአፋፉ ላይ ያለው ጥላ ለእኔ ከደጀ ሰላሙም ቀድሞ የሚመጣ ክፍል ነው፤ ሰው ፍጥነቱን የሚቀንስበት፣ ነጠላውን የሚያስተካክልበት፣ ወሬውን የሚያቆምበት።

«ይህን ሁሉ ያሰበው ማነው? ዛፉ እኮ ዝም ብሎ በቅሎ ነው» የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን እንጨት በሚወደድበት አገር፣ ማገዶ በየቀኑ በሚፈለግበት ቀዬ፣ ቆሞ የቀረ ጥድ ዝም ብሎ የቆመ ጥድ አይደለም። አንድ ሰው፣ ከእሱ በኋላም ሌላ ሰው፣ «ይሄ አይቆረጥም» ብሏል። አለመቁረጥም ንድፍ ነው።

ይህን ከሁሉም በላይ አጥርቶ የሚያሳየው ቦታ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ከውቅሮቹ ቀድሞ የተሠራ ነው ይባላል። የተፈለፈለ ሳይሆን ትልቅ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ነው፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ። ወደዚያ ሲወጣ መንገዱ ያረጀ የጥድ ደን ውስጥ ያልፋል። ማንም አስጎብኚ «አሁን ወደ ሥነ ሕንፃው እየገባን ነው» አይልም፤ ሥነ ሕንፃው ግን የሚጀምረው እዚያ ነው። ደኑ ሰማዩን ይዘጋል፤ ከደኑ ዋሻው ይቀበላል፤ ዋሻው ውስጥ ነጭና ጥቁር የሆነው ግድግዳ ብቅ ይላል። ጥላው እየጠነከረ ይሄድና መጨረሻ ላይ እንጨቱ ራሱ ሕንፃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ደኑን ከዚህ ላይ አንሡት እስቲ። የሚቀረው ገደል ላይ ያለ ጉድጓድና ውስጡ የተቀመጠ አሮጌ ቤት ነው። ቤቱ ያው ነው፤ መድረሱ ግን ይጠፋል።

አሁን ከተማው ውስጥ ያለውን ቤተ አማኑኤልን አስታውሱ። ውጫዊ ግድግዳው አንዱ ረድፍ ወጣ አንዱ ገባ እያለ ነው የተጠረበው። ይህ የአክሱም ዘመን የግንባታ ስልት ምስል ነው፤ የእንጨትና የድንጋይ መፈራረቅ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ በእውነተኛ እንጨት የምናየው፣ እዚህ ሙሉ በሙሉ በዓለት የተቀዳ። የቤተ ጊዮርጊስ የላይኛው ረድፍ መስኮቶችም እንዲሁ፤ ቅስታቸው ላይ ቅጠል መሳይ ሐረግ ተቀርጿል። የላሊበላ ጠራቢዎች ድንጋዩን ያሠሩት የእንጨትና የቅጠል ቋንቋ እያናገሩ ነው። እንግዲህ ተክሉን ከዚህ ቦታ ንድፍ ውጭ አድርጎ ማየት ድንጋዩ ላይ የተጻፈውንም አለማንበብ ነው።

ወደ ዛሬው ከተማ ስንመጣ ቋንቋው ይቀየራል።

አንድ ዓይነት አረንጓዴ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቀለም የተቀባ ጎማ ውስጥ የተተከለ አበባ። እንደ ሣጥን የተከረከመ የፈረንጅ ጥድ አጥር። በር ላይ ሁለት ዘንባባ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ እንደ ዘበኛ። መሃል ላይ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ። በላሊበላ ያደርኩበት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢው በሙሉ እንዲህ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለው ዳገት ላይ እሬቱ ቀይ አበባውን አውጥቶ፣ ቀጋው ነጭ ሆኖ፣ ማንም ውኃ ሳያጠጣው ቆሟል። ከአጥሩ ወዲህ አንድ ልጅ ጠዋት ማታ በባልዲ ውኃ እያመላለሰ ሣሩን ያጠጣል። ላስታ ዝናቡ በክረምቱ ጥቂት ወራት የሚጠቃለል አገር ነው፤ ሌላው ጊዜ ደረቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆን ሣር እዚህ የሚገኘው ከሰው ጀርባ በሚወርድ ውኃ ብቻ ነው።

የእኔ ቅሬታ ሣሩ አስቀያሚ ነው የሚል አይደለም። ምንም ሥራ አይሠራም ነው የምለው። ሣሩ አይረገጥም፤ ስለዚህ ወለል አይደለም። ዘንባባው ለሰው የሚበቃ ጥላ የለውም፤ ስለዚህ ጣሪያ አይደለም። እስከ ጉልበት የተከረከመው አጥር ነፋስም ዓይንም አይመልስም፤ ስለዚህ ግድግዳ አይደለም። ቦታ አይሠራም፤ ቦታ ይይዛል እንጂ። ደግሞም ከየትም የመጣ ሰው ከየትም እንደመጣ አይነግረውም። አዲስ አበባ የኮሪደር ልማቷን በ2016 ዓ.ም. ከጀመረች ወዲህ የዘንባባ ረድፍ የሥልጣኔ ምልክት እየሆነ ነው፤ የዋና ከተማ ፋሽን ደግሞ ክፍለ ሀገር ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ዘንባባ እኮ በእኛ አገር ትርጉም ያለው ተክል ነው፤ በሆሳዕና በእጅ ይያዛል፣ በጣት ይታሰራል። በዓመት አንድ ቀን ስለሚመጣ ነው የሚያምረው።

እዚህ ጋ አንድ የሩቅ አገር ሰው ልጥራ። ብራዚላዊው የአትክልት ስፍራ ነዳፊ ሮቤርቶ ቡርሌ ማርክስ በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ከቤተሰቡ ጋር በርሊን ነበር። የአገሩን ተክሎች ውበት ያየው እዚያ ነው፤ በዳሌም የዕፅዋት ማዕከል መስታወት ቤት ውስጥ፣ ጀርመኖች በእንክብካቤ ሲያሳድጓቸው። በዚያን ጊዜ አገሩ ያሉ ባለጠጎች ግቢያቸውን በአውሮፓ አበባ ይሞሉ ነበር። ተመልሶ ሄደና ዕድሜውን ሙሉ ከጫካው እየለቀመ ከተማ ውስጥ ተከለ። ሰዎች አረም የሚሉትን የአደባባይ ተክል አደረገው።

የእኛ መስታወት ቤት የትኛው ይሆን? ቀጋ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ነው፤ የሐበሻ ጽጌረዳ እንደማለት። ስሙ ላይ አገራችን አለች፤ ግቢያችን ውስጥ ግን ከውጭ የመጣችው ጽጌረዳ ናት ያለችው። አጋም እሾህ አለው፣ ሽታው ደስ የሚል አበባ አለው፣ ልጆች የሚወዱት ፍሬ አለው። አጥር ለመሆን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ክትክታ በደረቅ ዳገት ላይ አፈር ይይዛል። ቁልቋል በቋጥኝ ላይ ሲቆም እንደ ሐውልት ነው። አደይ በመስከረም ማንም ሳይዘራት ትመጣለች፤ ቦታ ከተተወላት ማለት ነው፤ ሜዳው በሙሉ ከተከረከመ ግን አትመጣም። እነዚህን የምጠራው ለአገር ፍቅር ብዬ አይደለም። ከዓለቱ ቀለም፣ ከዝናቡና ከነፋሱ ጋር የተስማሙ ስለሆኑ ነው። በንድፍ ቋንቋ ይህ ቁጠባ ይባላል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ ሁለት ናቸው።

አንደኛው የቅርስ ጠባቂዎች ነው። ሥር ዓለት ይሰነጥቃል። ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ትንሽ ተክል ውኃ ይዛ ትቆያለች፣ ውኃው ዓለቱን ይበላል። እውነት ነው። የላሊበላ ዓለት ለመጥረብ የሚመች ስለሆነ ነው የተጠረበው፤ ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ ደግሞ ለመፈራረስም ይመቻል። ጎንደር በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ግንቡን ጨብጠው የያዙትን ሥሮች ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ለዓይን ድንቅ ነው፣ ለግንቡ ግን ደግም ክፉም ነው፤ አንዳንዱን ይዞታል፣ አንዳንዱን ገፍቶታል። ስለዚህ «ዛፍ ሁሉ ይግባ» ማለቴ አይደለም። ግን ተቃውሞው የሚያስተምረን ርቀትን መለካት ነው፤ ሥሩ እስከ የት ይሄዳል፣ ጥላውስ እስከ የት ይደርሳል፣ የዝናቡ ውኃ በየት በኩል ይወርዳል። ይህ ልኬት ነው እኮ ንድፍ የሚባለው። ከጉድባው ጫፍ ሁሉንም ነቅሎ መሬቱን መላጣ ማድረግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አፈሩን የሚይዝ ነገር ሲጠፋ ጎርፉ ወደ ጉድባው ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የነዋሪው ነው፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ አዲስ አበባ የገባው ዛፍ ዛሬ የወሎ ገበሬ ባንክ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ጣሪያ ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል፣ የልጅ ደብተር ይሆናል። ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከነበረው መልክዓ ምድር ጋር አነጻጽሮ ነበር። ያገኘው ብዙዎቻችን የምንጠብቀውን አልነበረም፤ ዛፉ ጨምሯል። የጨመረው ግን በአብዛኛው ሰው በቤቱ ዙሪያ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህ ጥናት ሁለት ነገር ያስተምረኛል። አንድ፣ ገበሬው ዛፍ ጠላት አይደለም፤ ጥቅሙን ያየበትን ይተክላል። ባሕር ዛፉን «አስቀያሚ» ብሎ የሚሳደብ የከተማ ሰው መጀመሪያ ማገዶውን ከየት እንደሚያመጣለት ይንገረው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ቱሪስቱም መብራቱም አብረው ጠፍተዋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ እንጨት ያለው ቤት ነው የሚያድረው። ሁለት፣ የዛፍ ቁጥር ስለ ቦታ ምንም አይነግረንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ቁጥሩ ዓለምን አነጋገረ። እኔ ግን የማንኛውም ተከላ ዜና ስሰማ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ማን ነው ጥላው ሥር የሚቀመጠው?

ይህ ጥያቄ ላሊበላ ውስጥ ባዶ ጥያቄ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች በ2000ዎቹ ዓ.ም. ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል፤ ቅርሱን ለመጠበቅ በሚል። በቀይ ድንጋይ የተሠሩት ክብ ባለ ፎቅ የላስታ ቤቶች ጥቂቶቹ ቆመዋል፤ የቤተሰቡ ኑሮ ግን አብሮ ሄዷል፤ ጓሮው ከነጌሾው፣ ከነጤና አዳሙ። አሁን እዚያ ክፍት መሬት አለ። ክፍት መሬት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወይ ሰው ይነድፈዋል ወይ ጎርፍ ይነድፈዋል። ላሊበላን የሚጠብቃት ትልቁ የንድፍ ጥያቄ ለእኔ ይሄ ነው፤ ከጣሪያው እኩል።

ማን ይመጣል እዚያ መሬት ላይ? ሁለት ዓይነት እንግዳ አለ። አንደኛው ለፎቶው የሚመጣው ነው። እሱ የሚፈልገው የተገለጠ አፋፍ ነው፤ ምንም የማይጋርደው። አንድ ሰዓት ይቆማል፣ ያነሣል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው በገና የሚመጣው ነው። ቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ነጭ ለብሶ። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ቅጥር አፋፍ ላይ ተደርድረው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያወርዱ ለመስማት፣ ቀደም ብሎ ደርሶ ሜዳ ላይ ያድራል። የታኅሣሥ ሌሊት በዚያ ከፍታ ላይ አጥንት ይሰብራል፤ ቀኑ ደግሞ ያቃጥላል። ይህ ሰው ሆቴል የለውም። ሆቴሉ ዛፉ ነው፤ ሌሊት ነፋስ የሚመልስለት፣ ቀን ጥላ የሚሰጠው፣ ዳዊቱን ተደግፎ የሚደግምበት።

ለመጀመሪያው እንግዳ ብቻ ከነደፍን መሬቱ የመመልከቻ ሰገነት ይሆናል፤ ሣር፣ ሰሌዳ፣ ሁለት ዘንባባ። ለሁለተኛው ከነደፍን ግን ሌላ ነገር እናገኛለን፤ ከጉድባው በተለካ ርቀት የቆሙ ጥድና ወይራ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጥቅጥቅ ያለ የአጋምና የቀጋ አጥር፣ በዳገቱ ላይ ክትክታና እሬት፣ መሃል ላይ የሚረገጥ ሜዳ፣ መስከረም ላይ አደይ የሚወጣበት። ባሕር ዛፉ ደግሞ ከቅርሱ ራቅ ብሎ፣ ለሚያስፈልገው ሰው፣ በሚያስፈልግበት ቦታ። የሚገርመው፣ ይህ ለፎቶ አንሺውም ይሻለዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ድንገት ስትገለጥ ነው የምታስደነግጠው፤ ከሩቅ ሁሉን ያሳየ ሜዳ ያንን ድንጋጤ ይቀማዋል።

ወይራ ታግሶ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ጥድም እንዲሁ። ዘንድሮ የተተከለ ጥድ የሚጠቅም ጥላ የሚሰጠው ለተካዩ ልጆች ነው። ለሪፖርት አይመችም፤ ለበጀት ዓመት አይመችም፤ ለፎቶም አይመችም። የሚቀጥለው ክረምት ግን በዚያ መሬት ዙሪያ ችግኝ ይዞ የሚሰለፍ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ምናልባት ከእናንተ አንዱ። ጉድጓዱን ከመቆፈራችሁ በፊት ከጎናችሁ ያለውን ባለሙያ ወይ ካድሬ ወይ ቄስ ጠይቁልኝ፤ ይሄ ዛፍ ሲያድግ ግድግዳ ነው፣ ጣሪያ ነው፣ ወይስ በር? መልስ ከሌለው ችግኙን ይዛችሁ ትንሽ ራመድ በሉ፤ ሥራ ያለበት ቦታ እስክታገኙ።